ለድኻ ወላድ የሚገባት ርዳታ

ነፍሰ ጡርን «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብሎ መመረቅ፥ በወለደችም ጊዜ ገንፎ አገንፍቶ፥ አጥሚት አፍልቶ፥ አራሷን ከሥራ አሳርፎ መጠበቅ ከእናቶቻችን የተቀበልነው መልካም ልማድ ነው። ዳሩ ግን ይህ ልማድ ጎተራው ለሞላ ቤት የሚመች ነው እንጂ፥ እህል ላጠራት፥ ባሏም ለቀን ሥራ ወደ ሩቅ አገር ለሄደባት ሴት የአራስነት ወራት የዕረፍት ወራት አይደለም።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ ዋጋ አይከፈልበትም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ምክሩን እስከ ቀበሌ አድርሶታል። የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት በ1992 ዓ.ም. በጤና ተቋም ይወልዱ የነበሩት ከመቶ 5 ያህል ሲሆኑ፥ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሰዋል። እንግዲህ የቀሩት ስለ ምን በቤታቸው ወለዱ? ባለማወቅ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኛ ግን ይህ ፍርድ የተቻኮለ ይመስለናል። አዋላጂቱ ዋጋ ባትጠይቅ መንገዱ ይጠይቃል። ምጡ በሌሊት ይመጣል፤ ወንዙ በክረምት ይሞላል፤ አምቡላንሱም መኪና ከሚሄድበት መንገድ ጫፍ አያልፍም። ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ የቃሬዛና የጎረቤት ትከሻ ነው። በቤት የሚቀሩትንስ ልጆች ማን ያበላቸዋል?

ለዚህ ችግር የተገኘው መላ የእናቶች ማቆያ ቤት ነው፤ ይኸውም መንገዷ የራቀ ነፍሰ ጡር ቀኗ ሳይደርስ መጥታ በሐኪም አጠገብ የምትሰነብትበት ነው። በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ያለው መዝገብ በተመረመረ ጊዜ፥ በማቆያው ሰንብተው ከወለዱት ከ6,800 በላይ እናቶች መካከል ሞቱ በ100,000 ሲሰላ 90 ያህል ሆነ፤ በቀጥታ ከመጡት ግን 1,333 ነበር። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ናቸውና ልዩነቱን ኹሉ ለቤቱ መስጠት አይገባም፤ ቢሆንም ዘግይቶ መድረስን የሚያስቀረው ይኸው ቤት ነው።

ነገር ግን ጣራና ግድግዳ አያበላም። በአንዳንድ ስፍራ እናቲቱ ስንቋን ራሷ እንድታመጣ ይጠበቃል፤ ድኻይቱም ይህን ስትሰማ ከቤቷ መቅረትን ትመርጣለች። እህል አዋጥቶ የሚያቀርብ ሕዝብ አለ፥ ምስጋናም ይገባዋል። ሆኖም መዋጮ በጥጋብ ዓመት ይበዛል፥ በድርቅ ዓመት ይጎድላል፤ ርዳታው አብልጦ የሚያስፈልገው ደግሞ በድርቁ ዓመት ነው።

ከወሊድ በኋላ ያለውንም እንመልከት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድም በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋራ ይፈቅዳል። መልካም ሕግ ነው፤ ዳሩ ግን ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ለምትሸጥ ሴት ፈቃድ የሚሰጣት አሠሪ ማን ነው? በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ለገጠሪቱ ድኻ የተሻለ መንገድ አሳይቷል፤ ነፍሰ ጡርና አራስ ከአፈር ቁፋሮው ወጥተው ድርሻቸውን ያለ ሥራ እንዲቀበሉ አድርጓልና።

ስለዚህ የወረዳ አስተዳዳሪዎች የዓመቱን በጀት ሲያዘጋጁ፥ ለማቆያው ቤት ዱቄት፥ ዘይትና ማገዶ፥ ለአስታማሚዋም አንድ አልጋ፥ አራሷን ወደ ቤቷ ለምትመልሰውም መኪና ነዳጅ በስሙ ተለይቶ እንዲጻፍ እናሳስባለን።