የአሮጌ ትራክተር ልደት የት ተጽፏል?

ከባሕር ዳር በወረታ በኩል ወደ ፎገራ ሜዳ ለሚወጣ ሰው አሮጌ ትራክተር እንግዳ ነገር አይደለም። ቀይ ከሆነ «ማሲ ነው»፣ ሰማያዊ ከሆነ «ቤላሩስ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ቀለም ግን ምስክር አይሆንም፤ በየጊዜው ይቀባል፣ ኮፈኑም ከሌላ ተፈትቶ ይገጠማል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሰፋፊዎቹ የግል እርሻዎች ከነመሣሪያቸው ወደ መንግሥት ዞረዋል። ባለቤት በተለዋወጠ ቁጥር ወረቀት ይጠፋል፤ ብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር ግን ይቀራል።

ከማሲ እንጀምር። ሃሪ ፈርጉሰን ያወጣት ግራጫዋ ትንሽ ትራክተር በእንግሊዝ አገር፣ ኮቬንትሪ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 ተሠርታለች። «ማሲ ፈርጉሰን» የሚለው ስም የመጣው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ ይህን ስም ይዞ የወጣ ትራክተር ከዚያ አይቀድምም። 135 የተባለችው ደግሞ ገበያ የወጣችው በ1964 መጨረሻ ላይ ነው። የሻንሲ ቁጥሯን ዳሽቦርዱ አካባቢ ከተለጠፈው ሰሌዳ ፈልጉ።

ሰሌዳው ከወደቀ ሞተሩን መጠየቅ ነው። ብዙዎቹ ማሲዎች የፐርኪንስ ሞተር አላቸው፤ ቁጥሩ ሞኖብሎኩ ላይ ተመትቷል። እ.ኤ.አ. ከ1974 ወዲህ የተሠራ ከሆነ የቁጥሩ የመጨረሻ ፊደል ዓመቱን ይናገራል፦ ኤ 1974፣ ቢ 1975 እያለ ይሄዳል። ኤች 1981 ነው፤ አይ ከአንድ ጋር እንዳይምታታ ስለተዘለለ 1982ን የያዘው ጄ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ሰባት ወይም ስምንት ይቀነሳል። ይህ ግን የሞተሩ ዕድሜ ነው። ሞተር ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ከሻንሲው ቁጥር ጋር ሳያስተያዩ መፍረድ ስሕተት ነው።

ቤላሩስ ላይ ነገሩ ይለያል። ፋብሪካው በሚንስክ እ.ኤ.አ. በ1946 ተቋቋመ፤ ኤምቲዜድ 80 በብዛት መመረት የጀመረው በ1974 ነው። 80 የፈረስ ጉልበቱን ይጠቁማል። የፊት ጎማዎቹም የሚገፉ ከሆነ 82 ነው። በደርግ ዘመን እነዚህ ትራክተሮች ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ ይገጣጠሙ ነበር፤ ስለዚህ የተሠራበትና የተገጣጠመበት አገር ሁለት ሊሆን ይችላል። ለባሕር ዳር የሶቪየት መሣሪያ ሩቅ አይደለም፤ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊቴክኒክ የእርሻ መካኒክነትን ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ አድርጎ ነበር።

አሮጌ ትራክተር ያላችሁ፣ ቀለም ከማስቀባታችሁ በፊት ሰሌዳውንና ሞኖብሎኩን በነጭ ጋዝ እጠቡ። ግራይንደር አታስነኩት፤ የተመታ ቁጥር አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ጠመኔ አሹበት፣ ፎቶ አንሱት፣ ቁጥሩንም ሊብሬው ከሚቀመጥበት ቦታ ጽፋችሁ አኑሩት።