ለቤተ ሰብ የምትሆነው ድመት የትኛዪቱ ናት?

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ የሚኖር አንድ የቤት አባት ለልጆቹ የፈረንጅ ድመት ሊያስመጣ ቢያስብ፥ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው የሁለት ወገኖች ስም ነው፤ አንደኛዪቱ ጠጕረ ረጅሟ የፋርስ ድመት፥ ሁለተኛዪቱም አቢሲንያን የምትባለው ናት።

የፋርሲቱ ጠባይዋ ዝግተኛ ነው፤ ከእቅፍም መውረድ አትወድም። ነገር ግን ጠጕሯ በየቀኑ ካልተበጠረ ይተበተባል፤ በምዕራብ ጎጃም ክረምት ደግሞ ጭቃውን ከላይዋ ማስለቀቅ ብቻውን ሥራ ይሆናል። ፊቷም የተደፈጠጠ ስለ ሆነ ትንፋሽ ያስቸግራታል፥ ዓይኗም ያነባል።

ሁለተኛዪቱ የኛ የሆነችው በስም ነው። በ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ዘመቻ ሲፈጸም፥ ዙላ የተባለች ድመት ከአገራችን ወደ እንግሊዝ ተወሰደች ይባላል፤ በዘመናችን የተደረገው የዘር ምርመራ ግን የወገኑ ምንጭ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ እንደሚያዘነብል አመልክቷል። እንግዲህ በእንግሊዝ አገር ተራብታ፥ ስማችንን ይዛ፥ በውድ ዋጋ ወደኛ መሸጧ ያስቃል። ሆኖም ጠጕሯ አጭር፥ ዝላይዋ ፈጣን፥ ከልጆችም ጋራ መጫወት የምትወድ ናትና ከሁለቱ እርስዋን እመርጣለሁ።

ጎተራው በበቆሎ ለሞላ ሰው ግን ከጎረቤት የተገኘችው ያገራችን ድመት ከሁለቱም ትበልጣለች፤ ጭቃውንም አይጡንም ለምዳዋለች፥ ዋጋዋም ምስጋና ብቻ ነው።

የትኛዪቱም ብትመረጥ በዚያ ቤት የአይጥ መርዝ አይደረግ፤ የተመረዘውን አይጥ ስትበላ ራስዋ ትመረዛለችና። የእብድ ውሻ በሽታም በድመት ንክሻ ስለሚተላለፍ፥ ልጆቹ ሳያቅፏት አስቀድሞ በእንስሳት ሐኪም ማስከተብ ያስፈልጋል።