ለሃያ ካርድ የሚደረግ ጉዞ

ስኮቲ ሼፍለርን ዛሬ የማያውቅ የጎልፍ ተከታታይ የለም። የማስተርስን ውድድር በ2022 እና በ2024 አሸንፏል፤ በፓሪስ ኦሊምፒክም ወርቅ ወስዷል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ2019 ግን ይኸው ሰው የሚጫወተው ካሜራም ተመልካችም ብዙ በማይገኝበት ሜዳ ላይ ነበር። በዚያ ዓመት ሁለት ውድድር አሸነፈ፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፣ ከዚያም ወደ ላይኛው እርከን አለፈ። ያለፈበት በር ኮርን ፌሪ ቱር ይባላል።

ኮርን ፌሪ ቱር በአሜሪካ የወንዶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ሁለተኛው እርከን ነው። ከፍተኛ ሊግ ለፕሪሚየር ሊጋችን የሆነውን ያህል፣ ይህም ለላይኛው እርከን ለፒጂኤ ቱር መዳረሻ ነው። በእግር ኳስ ግን የሚወጣውና የሚወርደው ክለቡ ሲሆን፣ እዚህ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይወጣል፣ ለብቻው ይወርዳል። ደመወዝ የሚቆርጥለት አካል የለም፤ የሚያገኘው በዚያ ሳምንት ተጫውቶ ያሸነፈውን ብቻ ነው።

ውድድሩ የተጀመረው በ1990፣ በታላቁ ጎልፈኛ በቤን ሆገን ስም ነው። በጊዜው የአብዛኞቹ ውድድሮች ጠቅላላ ሽልማት 100,000 ዶላር፣ የአሸናፊው ድርሻ ደግሞ 20,000 ነበር። ዓመቱ ሲዘጋ ወደ ፒጂኤ ቱር የሚያልፉት አምስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ስሙ ከስፖንሰሩ ጋር ይቀያየራል፤ ናይኪ፣ ባይ ዶት ኮም፣ ኔሽንዋይድ፣ ዌብ ዶት ኮም ሲባል ቆይቶ በ2019 አጋማሽ የዛሬውን ስም ያዘ።

የውድድር ዘመኑ በጃንዋሪ በባሃማስ ደሴቶች ይከፈታል። የባሕሩ ነፋስ ኃይለኛ ስለሆነ የዓመቱ የመጀመሪያ ሳምንት ብዙ ሰው ያንገዳግዳል። ከዚያ ፓናማ፣ ቦጎታ፣ አርጀንቲናና ቺሊ ይከተላሉ። ቦጎታ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ከአዲስ አበባ እንኳ ከፍ የምትል ከተማ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ኳሷን የሚገታት ይቀንሳል፤ ርቃም ትበራለች። ተጫዋቹ በየትኛው ዱላ ስንት ሜትር እንደሚመታ ዕድሜውን ሙሉ የለመደውን ስሌት ለአንድ ሳምንት ትቶ እንደ አዲስ መቁጠር አለበት። በፌብሩዋሪ 2024 ቺሊያዊው ክሪስቶባል ዴል ሶላር እዚያ 18ቱን ቀዳዳዎች በ57 ምት ጨረሰ። በፒጂኤ ቱር ሥር በሚካሄዱ ውድድሮች ሁሉ ከዚያ በፊት እንዲህ ያነሰ ውጤት ተመዝግቦ አያውቅም ነበር። ዋንጫውን ግን ሌላ ሰው ወሰደው፤ ውድድሩ አራት ቀን ነውና አንድ ተአምረኛ ቀን ብቻውን አይበቃም።

ከዚያ በኋላ ጉዞው ወደ አሜሪካ ይመለስና በኦክቶበር ኢንዲያና ውስጥ ፍሬንች ሊክ በምትባል ትንሽ ከተማ ይደመደማል። በመካከሉ ያሉት ወራት የመኪና፣ የአውሮፕላንና የሻንጣ ወራት ናቸው።

የዚህን ኑሮ ትክክለኛ ገጽታ ማየት የፈለገ ሰው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ መገኘት አለበት። በአሜሪካ የበጋ ወራት አንድ ውድድር ሐሙስ ጠዋት በ156 ተጫዋቾች ይጀመራል። ዓርብ ማታ ሁለቱ ቀን ተደምሮ ከፊት ያሉት 65 ሰዎችና ከእነሱ ጋር እኩል የሆኑት ብቻ ይቀራሉ። ሌላው አንድ ዶላር ሳያገኝ ይሄዳል። የአውሮፕላኑ፣ የሆቴሉ፣ የኪራይ መኪናው ወጪ ከኪሱ ነው፤ ዱላውን የሚሸከምለትና የሚያማክረው ካዲም የሳምንት ክፍያውን ይጠብቃል፣ ካሸነፈ ደግሞ ከሽልማቱ ላይ ድርሻ አለው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ በየከተማው ፈቃደኛ ቤተሰቦች ቤት በእንግድነት የሚያድሩት። ከእነዚህ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ በየዓመቱ ያንኑ ልጅ እየተቀበሉ የገዛ ዘመዳቸው ያህል ሲከታተሉት ይኖራሉ፤ እኔ በዚህ ስፖርት ውስጥ ከማከብራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ከ2023 ጀምሮ የአንድ ውድድር ጠቅላላ ሽልማት ቢያንስ አንድ ሚሊዮን ዶላር ነው። አሸናፊው 180,000 ይወስዳል። ማጣሪያውን እንደምንም አልፎ መጨረሻ የወጣው 4,000 ገደማ ይደርሰዋል፤ ወጪው ሲነሳ የሚተርፈው ከቁጥር አይገባም። ለንጽጽር ያህል፣ በላይኛው እርከን የፕሌየርስ ሻምፒዮንሺፕ አሸናፊ በ2025 የወሰደው 4.5 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ሃያ አምስት እጥፍ ማለት ነው።

የችሎታው ልዩነት ግን በገንዘቡ ልክ አይደለም። ሁለተኛ እርከን ሲባል ሁለተኛ ደረጃ ተጫዋች የሚመስለን ከሆነ ተሳስተናል። በቀን አንድ ምት ማትረፍ በአራት ቀን አራት ምት ነው፤ ያን ያህል የማትመስል ልዩነት ሰውን ከመሃል ሰልፍ ወደ ዋንጫው አጠገብ ታደርሰዋለች። ጆን ዴሊ በ1990 ዩታ ላይ በታችኛው ውድድር አሸነፈ፤ በዓመቱ ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን፣ የፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕን ወሰደ። ቶም ሌህማን በ1980ዎቹ ከላይኛው እርከን ወርዶ በየትንሹ ውድድር ሲንከራተት ከቆየ በኋላ፣ በ1991 እዚህ ሦስት ጊዜ አሸንፎ ተመለሰ፤ በ1996 የብሪታንያን ኦፕን ወሰደ፣ በቀጣዩ ዓመትም የዓለም አንደኛ ሆነ። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ዛሬ ዓመቱ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም፤ ወዲያውኑ ያልፋል። ማት ማካርቲ በ2024 ያለፈው በዚህ መንገድ ነው፤ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ላይኛው እርከን ላይ አሸነፈ።

እንዲህ ያለ ተጫዋች የሚወጣበት በር አሁን እየጠበበ ነው። በ2023 እና በ2024 በነጥብ ከፊት ያሉት 30 ሰዎች የፒጂኤ ቱር ካርድ፣ ማለትም እዚያ የመወዳደር መብት፣ ያገኙ ነበር። ከ2025 ጀምሮ ቁጥሩ 20 ሆኗል። ከታች ደግሞ ፒጂኤ ቱር አሜሪካስ ከሚባለው ሦስተኛ እርከን በየዓመቱ አሥር ሰዎች ይመጣሉ፤ ከላይም ካርዳቸውን ያጡ ይወርዳሉ። የአስተዳደሩ ምክንያት ቀላል አይደለም፤ ካርድ ይዘው ያለፉ ብዙዎች ወረፋው ሳይደርሳቸው ቤታቸው ይቀመጡ ነበርና፣ ጥቂት ሰው አልፎ በቂ ውድድር ይጫወት ነው የሚሉት። በበኩሌ አልተቀበልኩትም። ላይኛው እርከን ላይ ለጥቂት ታዋቂዎች ብቻ የተከለሉ የሃያ ሚሊዮን ዶላር ውድድሮች ባሉበት፣ ቦታ ጠበበ ተብሎ የሚቀነሰው ከታች የሚመጣው ሰው መሆን አልነበረበትም። አሥር ወር ለፍቶ 21ኛ የወጣ ተጫዋች ከእሱ በላይ ካለው በምንም አያንስም፤ የሚጠብቀው ግን እንደገና የባሃማስ ነፋስ ነው።

አሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። የቦይሲ፣ የዊቺታና የኖክስቪል ውድድሮች ከ1990 ጀምሮ የዘለቁ ናቸው፤ ኮሎምበስ ኦሃዮም በዩኒቨርሲቲው ሜዳ ታስተናግዳለች። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እሑድ ዋንጫ ሲነሳ ማየት ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ፣ ዓርብን ምረጡ።