ከሰል ላፈር ስለሚሰጠው ጥቅም፤ ይልቁንም ውሃ ለሚያንሰው እርሻ

ውሃ ባነሰበት አገር የሚያርስ ገበሬ ችግሩ የዝናቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ያገኘውንም ውሃ አፈሩ ይዞ ሊያቈይለት አለመቻሉ ነው። በቦይ ተጠልፎ የመጣው ውሃ ከፊሉ በፀሐይ ይተናል፤ ከፊሉም ከተክሉ ሥር በታች ወርዶ ይጠፋል፤ ሲወርድም የተክሉን ምግብ አጥቦ ይወስዳል። ይህን ጕዳት ከሚያቃልሉት መንገዶች አንዱ፥ ሊቃውንት ባዮቻር የሚሉትን ከሰል ካፈር ጋራ መቀላቀል ስለ ሆነ፥ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ዐውቀውት ለሕዝቡ እንዲያስረዱ፥ አሠራሩን ከጥቅሙና ከሚያስፈልገው ጥንቃቄ ጋራ ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ፥ በአማዞን ወንዝ አገር፥ አውሮጳውያን ሳይመጡ የነበሩ ሰዎች ከሰል፥ አጥንት፥ የምግብ ትራፊና የሸክላ ስባሪ በመንደራቸው ዙሪያ ሲጥሉ ብዙ ዘመን ኖሩ። ስለዚህ የዚያ አገር አፈር በብዙው ድኻ ሲሆን፥ መንደሮቹ የነበሩበት ስፍራ እስከ ዛሬ ጥቁርና ለም ነው። የብራዚል ሰዎች ቴራ ፕሬታ፥ ማለት ጥቁር መሬት ይሉታል። የኔዘርላንዱ ያፈር ሊቅ ዊም ሶምብሩክ በ1966 በፈረንጆች አቈጣጠር ስለ አማዞን አፈር መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ ምርመራው እየበረታ ሄደ።

በሸዋ ደጋ ገብስ የሚዘሩ ገበሬዎች ያደረውን መሬት ፈልጠው፥ ጓሉን ከምረው ማቃጠላቸው ከዚህ ጋራ አንድ ሊመስል አይገባም። በዚያ ልማድ የሚቃጠለው ራሱ አፈሩ ነውና፥ ለጊዜው ገብሱ ቢያምርም የአፈሩ ብስባሽና ናይትሮጅን ይጠፋል፤ መሬቱም ደክሞ ለብዙ ዓመት ማደር ግድ ይሆንበታል። ባዮቻር ግን ከእርሻው ውጭ፥ አየር ባነሰው እሳት ከስሎ፥ በኋላ ወደ እርሻው የሚገባ ነው።

ከሰል ሲያዩት ጠጣር ይመስላል እንጂ ውስጡ እንደ ሰፍነግ ቀዳዳው ብዙ ነው። በዚህ ቀዳዳ ውሃ ያቍራል፤ የተክሉንም ምግብ ይዞ በቶሎ እንዳይታጠብ ያደርጋል። ውሃ በመያዝ ረገድ ጥቅሙ ጐልቶ የሚታየው ባሸዋማ መሬት ነው፤ በመረሬ መሬት ግን ያነሰ ነው። ከዚህም በላይ ያፈሩን ኮምጣጣነት ስለሚያቃልል፥ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ ኮምጣጣ ለሆነባት ለኢትዮጵያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2017 በፈረንጆች አቈጣጠር የታተመ፥ የብዙ አገር ሙከራዎችን ያነጻጸረ ጥናት፥ በሞቃት አገሮች ምርቱ በአማካይ በ25 በመቶ ከፍ ማለቱን፥ በመካከለኛና በቀዝቃዛ አገሮች ግን ጭማሪ አለመታየቱን ገልጿል። እንግዲህ ጥቅሙ እንዳፈሩ ጠባይ ነው። ጨው ባጠቃው መሬት፥ ለምሳሌ በመካከለኛው አዋሽ እንደሚታየው ባለው፥ አመድ የበዛበት ከሰል መጨመር ሊጐዳ ይችላልና አስቀድሞ አፈሩን ማስመርመር ይገባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አፉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሰፋ፥ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ጕድጓድ ይቈፈራል። ከታች እሳት አንድዶ የደረቀውን ነገር በስሱ መጨመር ነው፤ ላዩ አመድ መልበስ ሲጀምር ሌላ ይደረብበታል። ነበልባሉ ከላይ ሆኖ አየሩን ስለሚበላው ከታች ያለው ይከስላል እንጂ አመድ አይሆንም። ጕድጓዱ ሲሞላ በውሃ፥ ውሃ ካነሰም ባፈር አፍኖ ፈጽሞ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ከሰሉ ራሱ ማዳበሪያ አይደለም። ደረቁን ቢበትኑት በመጀመሪያው ወራት የተክሉን ምግብ ወደ ራሱ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ደቆ፥ ከፍግና ከከብት ሽንት ጋራ ተቀላቅሎ ጥቂት ሳምንት ከቈየ በኋላ፥ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካፈሩ ጋራ ይዋሐድ።

መጠኑ ላንድ ካሬ ሜትር አንድ ኪሎ ቢሆን፥ ላንድ ሄክታር 100 ኩንታል መሆኑ ነው። ከደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል በሚዛን ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ስለ ሆነ፥ ላንድ ሄክታር 500 ኩንታል ያህል መክሰል ሊኖርበት ነው። ይህ ለማንም ገበሬ ከባድ ነውና፥ ውሃ በሚጠጣው በጓሮ አትክልት መደብ መጀመር ይሻላል፤ ርዝመቱ 10 ሜትር፥ ወርዱ አንድ ሜትር ለሆነ መደብ 10 ኪሎ ይበቃዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ይህ ነው። ከሰል ይሠራ ተብሎ ትእዛዝ ቢወጣና ሕዝቡ ዛፍ ቢቈርጥ፥ አፈሩን እናድናለን ስንል አፈሩን የሚያቅፈውን ሥር እንነቅላለን። የጤፍና የገብስ ጭድም የከብት መኖ ነውና አይነካ። የሚከስለው ሌላ ጥቅም የሌለው ትራፊ ይሁን፤ ይኸውም የቡና ገለባ፥ የበቆሎ ቆረቆንዳና የመሳሰለው ነው፤ ከሁለቱ የተሠራውን ከሰል የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች መርምረውታል። በአዊ፥ በፋግታ ለኮማ፥ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክለው ሲያከስሉ ኖረዋል፤ እንደዚህ ባለ ስፍራ ገበያ የማይወጣው የከሰል ድቃቂ ሳይጣል ላፈር ሊውል ይችላል።

ስለዚህ ከትእዛዝ በፊት ሙከራ ይቅደም። በየወረዳው አንድ ትጉህ ገበሬ ተመርጦ፥ ሁለት መደብ ጐን ለጐን ያዘጋጅ፤ ዘሩ፥ ፍጉና የሚጠጣው ውሃ እኩል ሆኖ፥ ከሰሉ ላንዱ ብቻ ይግባ። ውሃ ከቆመ በስንት ቀን እንደ ጠወለገና ምርቱ ስንት ኪሎ እንደ ሆነ ይጻፍ። ገበሬ ከሹም ቃል ይልቅ የጎረቤቱን ማሳ ያምናልና፥ ያ መደብ ካማረ ሌላው ሳይገደድ ይከተላል፤ ካላማረም የጠፋው ያንድ መደብ ድካም ብቻ ነው።