ለከብት ተረጭቶ አሳ የሚገድል

በያዮ፣ በ«ገባ» ወንዝ አቅራቢያ የሚኖሩ አንዲት አያት፣ «ከብት የሚያደልቡበት ሆርሞን አሳ ይበክላል ይባላል። የልጅ ልጆቼ ከወንዙ የሚያጠምዱትን ልከልክላቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ወሬው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት፣ አሜሪካ ኔብራስካ ውስጥ ከከብት ማደለቢያ ፍሳሽ በታች የተያዙ ወንድ አሳዎች የዘር ፍሬያቸው አንሶ ተገኝቷል። ያረገዘች ላም ሽንትም የተፈጥሮ ሆርሞን አለው። የያዮ ገበሬ ከብት ግን ተበትኖ የሚግጥ እንጂ በሺዎች ታጉሮ በሆርሞን የሚደልብ አይደለም። ስለዚህ አይከልክሉ አልኳቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ የመዥገርና የገንዲ ዝንብ መድኃኒት ነው። ሳይፐርሜትሪንና ዴልታሜትሪን የሚባሉት ከብቱን ብዙም አይጎዱም፤ አሳን ግን በጣም ጥቂቱ ይገድላል። በሚተነፍስበት ስንጥብ በኩል ይገባል፣ ሰውነቱም ቶሎ ሊያስወግደው አይችልም። የአሳ ምግብ የሆኑት የውኃ ነፍሳትም አብረው ያልቃሉ። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የያዮ ቡና ደን ወንዞችም ከዚህ አያመልጡም።

ወንዝ ዳር ከብት ከተረጨ በኋላ መርጫውን ውኃው ውስጥ እንዲያለቀልቅ የሚላከው ደግሞ ልጅ ነው! ከወንዙ ርቆ፣ አፈር ላይ ይታጠብ፤ መድኃኒቱ አፈር ላይ ይጣበቃል። የሚያጥበውም ጓንት ያደረገ አዋቂ ይሁን።

በብርብራ ፍሬ የደነዘዘ አሳ መልቀም በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ከርጭት በኋላ የተንሳፈፈውን ግን ልጆች እንዳይነኩት ንገሯቸው፤ የመድኃኒቱን ባዶ ጠርሙስም ለዘይት አታስቀምጡ።