ዜማ ለታመመች ነፍስ የሚሰጠው ጥቅም

ሰው ከሥጋና ከነፍስ የተፈጠረ እንደ መሆኑ መጠን ሕመሙም ሁለት ዓይነት ነው። የሥጋው ቍስል ለሐኪም ይታያል፤ የነፍሱ ኀዘን ግን ከዓይን ተሠውሮ ሰውየውን ከእንቅልፉና ከእህሉ፥ ከሥራውና ከወዳጁ ይለየዋል። ይህን የተሠወረ ሕመም ከሚያስታግሡት ነገሮች አንዱ ዜማ መሆኑን አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 16 እንደ ተጻፈው፥ ንጉሥ ሳኦል ክፉ መንፈስ ባስጨነቀው ጊዜ ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው ነበር። ስለ ቅዱስ ያሬድም የሚነገረውን የማያውቅ ካህን የለም፤ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ቢወጋው፥ ዜማው እስኪፈጸም ድረስ ዘማሪውም ንጉሡም አላወቁትም ይባላል።

በሌላው ዓለም ያሉ ሊቃውንት ደግሞ ይህንኑ መርምረው የታወቀ ሙያ አድርገውታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያም በኋላ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ለቍስለኞች ወታደሮች ሙዚቃ ይሰማላቸው ነበርና፥ ጥቅሙ ስለ ታየ ባለሙያዎቹ በ1950 እ.ኤ.አ. ማኅበር አቋቋሙ። በ2017 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት ባወጣው ጽሑፍ፥ ከተለመደው ሕክምና ጋራ የሙዚቃ ሕክምና የተጨመረላቸው የድብርት ሕሙማን፥ ቢያንስ ለአጭር ጊዜ፥ ካልተጨመረላቸው ይልቅ እንደሚቀልላቸው ገልጧል። እዚህ ላይ «ከተለመደው ሕክምና ጋራ» የሚለው ቃል ሊስተዋል ይገባል፤ ዜማ የመድኃኒት ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም፤ ወባን አያጠፋም፥ ስብራትንም አይጠግንም።

ይህ ረዳት በጣም ከሚያስፈልጋቸው አገሮች መካከል ደጎሎ፥ መካነ ሰላምና በዙሪያቸው ያለው የደቡብ ወሎ ደጋ ይገኛሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ ገብቶ ደሴና ኮምቦልቻ ሳይቀሩ በተያዙ ጊዜ፥ በአውራጃው ብዙ ሰው ዘመዱን ቀበረ፥ ብዙ ሰውም ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። የፈረሰ ቤት ተመልሶ ይሠራል፤ ሌሊት እየባነነ የሚያድረውን ሰው ማን ይጠግነዋል? በአእምሮ ሕክምና ስመ ጥር የሆነው አማኑኤል ሆስፒታል ያለው በአዲስ አበባ ነው፤ ለደጎሎ ገበሬ መንገዱ ሩቅ፥ ወጪውም ከባድ ነው። ዜማው ግን በደጁ አለ።

ወሎ የዜማ አገር ነውና፤ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከተባሉት ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ በወሎ ሥፍራዎች ስም የተጠሩ ናቸው። ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም ዐሥር አውታር ያለውን በገና ያዳምጣል፤ ሙስሊሙም በወዳጃ ተሰብስቦ በመንዙማ ይጸልያል። በለቅሶ ቤትም አልቃሽ ግጥም እየደረደረች ኀዘንተኛውን ስታስለቅሰው የታመቀውን ኀዘን በእንባ ታወጣለታለች። ከዚህ የምንማረው፥ ዜማ የሚያጽናናው በማስደሰት ብቻ አለመሆኑን ነው፤ የበገና ድምፅም የትዝታ ቅኝትም ኀዘን የተመላ ሲሆን፥ የሰማው ሰው ግን ሸክሙ ቀልሎለት ይነሣል።

ስለዚህ የየወረዳው የጤና ሹማምንት በጤና ጣቢያዎች አንድ ጸጥ ያለ ክፍልና በሳምንት ጥቂት ሰዓት ቢለዩ፥ ካህናትም የዜማ መምህራንንና በገና ደርዳሪዎችን ቢልኩ፥ የመንዙማ አዋቂዎችም እንዲሁ ቢጋበዙ፥ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ብዙ ሰው ይጠቀማል። ነገር ግን ሕመምተኛው ሳይፈቅድ፥ የጤና ባለሙያውም ሳይኖር ሊደረግ አይገባም፤ የሚሰማውም ዜማ ሕመምተኛው ከልጅነቱ የለመደው ይሁን፤ ለአንዱ ዕረፍት የሆነው ድምፅ ለሌላው ሁከት ይሆንበታልና።

ዳዊት ወደ ሳኦል የሄደው ተጠርቶ ነው። የንጉሡ አገልጋዮች በገና የሚያውቅ ሰው ይፈለግ ብለው ባይመክሩ ኖሮ፥ በገናው ከበጎቹ ጋራ በምድረ በዳ በቀረ ነበር። የዛሬዎቹ መካሪዎችም ሹማምንቱና ካህናቱ ናቸውና፥ ይህን ጉዳይ ተመካክረው ከፍጻሜ እንዲያደርሱት ተስፋ እናደርጋለን።