በሰማይ ላይ የተለወጠ አድራሻ
የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች ከአዘዞ ዲሾች ለምን ጠፉ?

ከጎንደር ተነሥቶ የባሕር ዳርን መንገድ ይዞ አዘዞ የደረሰ መንገደኛ፣ ቀና ብሎ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹን ቢመለከት አንድ ነገር ያስተውላል። ዲሾቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አይመለከቱም። ገሚሶቹ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቋራ አቅጣጫ አዙረዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ በደብረ ታቦርና በላሊበላ መካከል ወዳለው ሰማይ አንጋጠዋል። በአንዳንድ ቤት ላይ ሁለቱም ተተክለው ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ይታያሉ። ውድ አንባቢያን፣ ይህ በዘፈቀደ የሆነ ነገር አይደለም። ከጀርባው አንድ የቅርብ ጊዜ ታሪክና አንድ የቆየ የፊዚክስ ሕግ አለ።

በ2012 ዓ.ም. መቀመጫውን ሉክሰምበርግ ያደረገው ኤስ.ኢ.ኤስ. የተባለ የሳተላይት ኩባንያና የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር «ኢትዮሳት» የተሰኘውን አገልግሎት ይፋ አደረጉ። በተከታዩ ዓመትም በርካታ የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች ቀድሞ ይታዩበት ከነበረው ከናይልሳት ለቀው ኤን.ኤስ.ኤስ.-12 ወደ ተባለው ሳተላይት ተዘዋወሩ። ጣቢያዎቹ ሥራቸውን አላቋረጡም። ነገር ግን ዲሹን ላላዞረ ተመልካች እንደ ተዘጉ ያህል ነበር።

በዚያ ሰሞን አዘዞ ወዳለው የእናቴ ቤት ብሄድ የዓረብኛ ፊልሞቹ እንደ ወትሮው ይታያሉ፤ የሀገር ውስጦቹ ግን ጥቁር ሆነዋል። ጊዜው ዜና የሚናቅበት አልነበረም። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት በጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሮኬት መተኮሱ ይታወሳል፤ ማረፊያው ደግሞ የሚገኘው እዚሁ አዘዞ ነው። በእንዲህ ያለ ዓመት ስለ ራስ መንደር የሚነገረውን በራስ ቋንቋ መስማት ቅንጦት ሊባል አይችልም። እናቴም፣ «አንተ ባሕር ማዶ ድረስ ሄደህ የተማርከው ይኸንኑ አይደለም እንዴ? በል ውጣና አስተካክልልኝ» አለችኝ። ኮምፓስና ፕሮትራክተር ይዤ ወጣሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ደክሜ ምንም ሳላገኝ ወረድኩ። ለምን እንዳልተሳካልኝ ከመናገሬ በፊት ግን ስለ ሳተላይቱ ጥቂት ልበል።

ባለበት የቆመ የሚመስለው መንገደኛ

ሳተላይት በምድር ዙሪያ የሚዞርበት ጊዜ በምኅዋሩ ስፋት ይወሰናል። ቅርብ ያለው ፈጥኖ ይዞራል፤ ሩቅ ያለው ይዘገያል። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ወደ ምሥራቅ የሚዞር ሳተላይት አንድ ዙር የሚጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገደማ ነው። ምድርም በራሷ ዛቢያ ላይ አንድ ጊዜ የምትዞረው በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሳተላይቱ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ፣ ለእኛ ግን ባለበት የቆመ ይመስላል።

አርተር ሲ. ክላርክ የተባለው እንግሊዛዊ ይህን ምኅዋር ለመገናኛ አገልግሎት ለማዋል በ1945 እ.ኤ.አ. ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በ1964 እ.ኤ.አ. ሲንኮም 3 በተባለው ሳተላይት ተፈጸመና የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሥዕሎች ፓስፊክ ውቅያኖስን ተሻግረው አሜሪካ ደረሱ። አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው በዚያው ኦሊምፒክ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረውም በዚያው ወር፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነበር።

እንግዲህ እነዚህ ሳተላይቶች ሁሉ በምድር ወገብ አናት ላይ በአንዲት ቀለበት ተደርድረዋል። የእያንዳንዳቸው አድራሻም በቀለበቷ ላይ ያላቸው ኬንትሮስ ነው። የናይልሳት አድራሻ 7 ዲግሪ ምዕራብ ነው። ኢትዮሳት የተነሣበት አድራሻ ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በላይ ያለ ነጥብ ነው።

ሁለት ማዕዘኖች

ዲሽ ለማቆም ሁለት ማዕዘኖች ይበቃሉ። አንደኛው ከሰሜን ተነሥቶ በቀኝ በኩል የሚቆጠር አቅጣጫ ነው፤ ሁለተኛው ከአድማስ ወደ ላይ ያለው ከፍታ ነው። የአዘዞን ኬክሮስ 12.5 ዲግሪ፣ ኬንትሮሱን 37.4 ዲግሪ ብለን ብናሰላ፣ ለናይልሳት አቅጣጫው 258 ዲግሪ፣ ከፍታው 37 ዲግሪ ይሆናል። ለ57 ዲግሪ ምሥራቅ ደግሞ አቅጣጫው 121 ዲግሪ፣ ከፍታው 63 ዲግሪ ነው። ትሪጎኖሜትሪ የተማረ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህን በራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል።

በሁለቱ ሳተላይቶች መካከል ከአዘዞ ሲታይ 74 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ቅርብ ለቅርብ ያሉ ሳተላይቶችን በአንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤል.ኤን.ቢ. በማሰር መያዝ ይቻላል፤ ይህን ያህል ለተራራቁት ግን ዘዴው አይሠራም። አንድ ዲሽ ብቻ ያለው ቤተሰብ እንግዲህ ወይ መምረጥ፣ ወይ ሁለተኛ ዲሽ መግዛት ነበረበት። በየጣሪያው ጀርባ ለጀርባ የተሰጣጡት ዲሾች ታሪክ ይኸው ነው።

ልዩነቱ ከነጉዳቱ አንድ በረከት አለው። የዝናብ ጠብታ እንዲህ ያለውን አጭር ሞገድ ይመጠዋል። ዝናቡ ከአዘዞ በላይ 3 ኪሎ ሜትር ከፍታ አለው ብንል፣ በ37 ዲግሪ አጋድሎ የሚመጣው ሞገድ በዝናብ ውስጥ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ በ63 ዲግሪ የሚወርደው 3.4 ኪሎ ሜትር ብቻ ይጓዛል። ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ፣ ለክረምት ከፍ ብሎ የሚታየው ሳተላይት ይሻላል።

ዶክተሩ የሳተው፣ የሠፈሩ ልጅ ያገኘው

ወደ ጣሪያው እንመለስ። በወቅቱ ሪሲቨር ላይ ይሞላ የነበረው ድግግሞሽ 11105 ሜጋኸርትዝ ነበር። የዚህ ሞገድ ርዝመት 2.7 ሴንቲ ሜትር ነው። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ እንዲህ ያለውን ሞገድ የሚቀበልበት የሰማይ ስፋት 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ይኸውም ክንድን ዘርግቶ የአውራ ጣትን ውፍረት እንደ ማየት ያህል ነው። በአንድ ዲግሪ ብንስት፣ በሳተላይቱ ርቀት ላይ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስተናል ማለት ነው።

እኔ ሁለት ስሕተቶችን ሠርቼ ነበር። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ቆሜ ኮምፓስ አመንኩ፤ ቆርቆሮው ብረት ነውና መርፌውን አሳተው። ደግሞም የዲሹን ፊት በ63 ዲግሪ አነሣሁት። በየቤቱ ያለው ዲሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፓራቦላው ጎን ተቆርጦ የተሠራ በመሆኑ፣ የሚቀበለው ፊቱ ከሚመለከትበት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ካለ ቦታ ነው። የሠፈሩ የዲሽ ሠራተኛ፣ ገና ወጣት ልጅ፣ መጥቶ ዲሹን ወደ ታች ሰበር አድርጎ ጥቂት ቢያዞረው እናቴ ከታች «መጣ! መጣ!» ስትል ተሰማች። ቀመሩን አያውቀውም፤ እጁ ግን ያውቀዋል።

ስሙ የእኛ፣ ሳተላይቱ የኪራይ

ብዙዎች ኢትዮሳትን የኢትዮጵያ ሳተላይት አድርገው ያስባሉ። ነገር ግን ኢትዮሳት የአገልግሎት ስም ነው፤ የጀመረበት ኤን.ኤስ.ኤስ.-12 በ2009 እ.ኤ.አ. የመጠቀ የኩባንያው ንብረት ነው። ሀገራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያስመጠቀቻት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1 ደግሞ በዝቅተኛ ምኅዋር ሆና ምድርን ፎቶግራፍ ለማንሣት የተሠራች እንጂ ቴሌቪዥን የምታስተላልፍ አልነበረችም። ከዚህ የምንረዳው፣ በኪራይ ቤት እንደሚኖር ሰው፣ ጣቢያዎቻችን ውል በተለወጠ ቁጥር አድራሻ ሊለውጡ እንደሚችሉ ነው። ያን ጊዜ ወጪው የሚያርፈው በመጨረሻ ጣሪያ ላይ፣ በእያንዳንዱ ቤተሰብ ኪስ ነው። ኬንትሮሱን የሚያውቅ ተማሪ በመንደሩ ካለ ግን ቢያንስ ግራ መጋባቱ ይቀንሳል።

ለአንባቢያን የቀረበ ሙከራ

በየዓመቱ በመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18 ቀን ገደማ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ50 አካባቢ፣ ከአዘዞ ሲታይ ፀሐይ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ከተባለው ነጥብ በስተጀርባ ትቆማለች። በደልዳላ መሬት ላይ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ጥላው ግማሽ ሜትር ያህል ይሆናል። ከጥላው ጫፍ እስከ እንጨቱ አናት ክር ብትወጥሩ፣ ክሩ በቀጥታ ወደዚያ ነጥብ ያመለክታል። ፀሐይን ግን በዓይናችሁ አትመልከቱ። በዚያች ሰዓት ወደ ነጥቡ የተተከለ ዲሽ ካላችሁ፣ የፀሐይ የራሷ ሞገድ ስለሚበረታ ሥዕሉ ለጥቂት ደቂቃ ሊቆራረጥ ይችላል። ያን ጊዜ ሠራተኛ አትጥሩ፤ ፀሐይዋ እስክታልፍ ጠብቁ።